የኖራ አጥንት፦ ከኮለምበስ ጎሬ እስከ ባሌ ተራሮች

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 2015 በኦሃዮ ዋና ከተማ በኮለምበስ ዳርቻ በሚገኘው መካነ አራዊት፣ አውሮራ የተባለች የዋልታ ድብ መንታ ወለደች። አንደኛው ግልገል ብዙም ሳይቆይ ሞተ። በስድስተኛው ቀን እናቲቱ የቀረችውን ግልገል ትታ ከጎሬዋ ወጣች። ተንከባካቢዎቹ ወይ የእናቲቱን መመለስ መጠበቅ፣ ወይ ግልገሏን አንስተው በሰው እጅ ማሳደግ ነበረባቸው። አነሷት፤ የአባቷን የናኑክንና የእናቷን ስም አጣምረውም ኖራ አሏት።

ዋናው ፈተና ወተቱ ነበር። የዋልታ ድብ ሲወለድ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ግራም በታች ሲሆን ዓይኑም አልተገለጠም። በጥቂት ወራት ከአሥር ኪሎ በላይ የሚያደርሰው ሲሶው ያህል ቅባት የሆነው የእናቱ ወተት ነው። እናት ይህን ወተት የምታመነጨው ለወራት እህል ሳትቀምስ፣ አስቀድማ ካከማቸችው ስብ ነው። ኖራ በሰው በተዘጋጀ ወተት አደገች፤ ይሁን እንጂ በጨቅላነቷ አጥንቷ በሚገባ የማይጠነክርበት ሕመም ያዛት። በ2016 ወደ ኦሪገን፣ በ2017 ደግሞ ወደ ዩታ ተወሰደች። በ2019 የፊት እግሯ አጥንት ተሰብሮ በቀዶ ሕክምና ተጠገነ። በአንጻሩ አውሮራ በ2016 መጨረሻ በዚያው በኮለምበስ ዳግመኛ መንታ ወልዳ ራሷ አሳደገቻቸው።

የዋልታ ድብን የማዳን ታሪክ ከዚህ ጎሬ እጅግ ይሰፋል። በ1973 ካናዳ፣ ዴንማርክ፣ ኖርዌይ፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኦስሎ ስምምነት ሲፈራረሙ፣ በጊዜው ጎልቶ የታየው አደጋ ያልተገደበ አደን ነበር። አደን በሕግ ሊገታ ይችላል። በ2008 አሜሪካ ዝርያውን ለአደጋ ከተጋለጡት መዝገብ ስታስገባ ግን፣ በዋናነት የጠቀሰችው ምክንያት የባሕር በረዶ መመናመን ነው። ድቡ አቆስጣ የሚያድነው በበረዶው ላይ ነውና በረዶው ሲርቅ ማዕዱ ይርቃል።

ታዲያ የዋልታ ድብ ምን ያህል ረኀብ ይችላል? መልሱን ፍለጋ በኦሪገን መካነ አራዊት ታሱል የተባለች ድብ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ በአንገቷ ታሰረላት፤ ምዝገባው በዓይን ከታየው ድርጊቷ ጋር ተመሳከረ። በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ በአላስካ ሰሜናዊ ባሕር ዘጠኝ ሴት ድቦችን ተከታትሎ፣ የሚያቃጥሉት ኃይል ቀድሞ ከተገመተው 1.6 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳየ። በክትትሉ ጥቂት ቀናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከስተው ነበር። በግዞት ያለ እንስሳ ለተመራማሪው መለኪያ ሊሆን ይችላል፤ የጠፋውን በረዶ ግን አይተካም።

ይህ ታሪክ በኮለምበስ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በባሌና በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮም የብርድ አገር እንስሳ ነው። ሙቀትና እርሻ ሽቅብ በገፉ ቁጥር መኖሪያው ወደ ተራራው ጫፍ ይጠብባል፤ ከጫፉ በላይ ደግሞ መሸሻ የለም። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም። ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ በተደጋጋሚ ጨርሷቸዋል፤ ስለዚህም ውሾቹንም ቀበሮዎቹንም መከተብ አስፈልጓል።

ይሁን እንጂ በዓለም መካነ አራዊቶች ውስጥ ቀይ ቀበሮ የለም። ደሙን የሚሰጥ፣ መሣሪያ የሚለካበት፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ዘር የሚተካ መጠባበቂያ የለውም። ስለ እርሱ የሚታወቀው ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያው ብርዱ ላይ ነው፤ ቀበሮውን በየዕለቱ በሚከታተሉ የአካባቢው ልጆች። በመሆኑም የእነርሱ ደመወዝና የክትባቱ በጀት ሲቋረጥ፣ የሚቋረጠው ጥበቃው ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱም ጭምር ነው። ኖራ እናቷ ስትተዋት የሚያነሣት እጅ አገኘች፤ ቀይ ቀበሮ ያለው እናት ተራራው ብቻ ነው።