በምርኩዝ የሚለካ በሽታ

እኛ የከተማ ልጆች ጓያን ካወቅነው በሽሮ ነው። የደጋው ገበሬ ግን በሌላ ያውቀዋል። ድርቅ ሌላውን እህል ሲያጠፋ ጓያ ይተርፋል፤ ለወራት እሱ ብቻ ከተበላ ደግሞ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ተለይቶ የታወቀው መርዙ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያደርሰውን ነርቭ ይጎዳል። እግር ይገተራል፣ ጉልበት ይጠላለፋል፣ ሰው በጣቱ ጫፍ ይራመዳል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደምቢያ፣ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ደላንታ ዳውንት እንዲህ ሆነ።

ሐኪሞች የጉዳቱን ደረጃ የሚለዩት በምርኩዝ ነው፦ ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ በመጨረሻም የሚድህ። ይህን መለኪያ ስናነብ ደነገጥን፤ ለካ ምርመራው መንገድ ላይ ቆሞ በማየትም ይቻላል!

በሽታው አንዴ ከያዘ አይለቅም። ፊዚዮቴራፒ የተጎዳውን ነርቭ አይመልስም፤ ግን ባቱን በማሳሳብ ጡንቻው ተኮማትሮ እንዳይቀር፣ ምርኩዙም በደንብ እንዲያዝ ያግዛል። እኛ ያገኘነው ጽሑፍ አብዛኛው ግን ስለ እህሉ እንጂ ስለዚህ አይደለም። በሽታው ይበልጥ የሚያጠቃው ደግሞ ወጣት ወንዶችን ነው፤ እጃቸውም አእምሯቸውም ደህና ሆኖ። በደምቢያው ጊዜ ሃያ ዓመት የነበረው ዛሬ በሕይወት ካለ ሰባ ገደማ ነው፤ ምርኩዙም አብሮት።