አራዳነት፣ ኦቲዝምና የሰው ልጅ አዝጋሚ ለውጥ

አራዳ አስቀድሞ የገበያ ስም ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው ይህ ገበያ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ሲዛወር፣ የቀድሞው ሰፈር ከጣሊያንኛ የተወረሰውን የፒያሳን ስም ደርቦ ቀረ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። ቃሉ ግን ከቦታው አልፎ የጠባይ መጠሪያ ከሆነ ቈይቷል። «አራዳ» የሚባለው ጥቅሻ የሚበቃው፣ የሰውን ፊት አይቶ ሐሳቡን የሚረዳ ነው፤ ይህን ያጣው «ፋራ» ይባላል።

መለኪያው ለገበያ ሰው የተስማማ ነው። የገዢውን ዓይን የማያነብ ሻጭ ይከስራል። ይሁን እንጂ በዚህ ሚዛን ዘወትር ቀልሎ የሚታይ ሰው አለ፤ ይኸውም ንግግርን እንደ ቃሉ የሚረዳ፣ በጥቅሻና በፊት ገጽታ የሚተላለፈውን መልእክት ለመቀበል የሚቸገር፣ የሳበውን ነገር ግን ሌላው በማይችለው ጽናት የሚመረምር ነው። ኦቲዝም ራሱን የቻለ ሁኔታ ሆኖ በሕክምናው ዓለም ሊታወቅ የበቃው፣ ዶክተር ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ስለ አሥራ አንድ ሕፃናት ባወጡት ጽሑፍ ነው።

የሰው ልጅ በመተባበር የሚኖር ፍጡር ከሆነ፣ እንዲህ ያለው አእምሮ በትውልድ መካከል እንዴት ሊዘልቅ ቻለ? እንግሊዛዊቷ የቅድመ ታሪክ ተመራማሪ ፔኒ ስፒኪንስ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ባቀረቡት መላ ምት፣ ከ100,000 ዓመታት ገደማ ወዲህ ሰዎች እርስ በርስ መረዳዳትን ሲያጠነክሩ፣ ከብዙኃኑ የተለየ ጠባይ ያለውም በማኅበሩ ውስጥ ቦታ አገኘ ይላሉ። ለዝርዝር ነገር የሚጠነቀቅና መሣሪያን የሚያሻሽል ሰውም ለወገኑ ጠቀመ።

ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ማስረጃው ግን ቀጭን ነው። ከፒያሳ በአራት ኪሎ በኩል ወደ አምስት ኪሎ የሚወጣ ሰው፣ በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ መታሰቢያ ያላትን ብሔራዊ ሙዚየም ያገኛል። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ እ.ኤ.አ. በ2000 በዲኪካ ያገኟት ሕፃን ሰላም፣ ከምላስ ሥር የሚገኘው ትንሽ አጥንት ሳይጠፋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ቈይቶላታል፤ ቅርጹም የጎሪላንና የቺምፓንዚን ይመስላል። አጥንት ስለ ድምፅ ይህን ያህል ፍንጭ ሲሰጥ፣ ሟቿ ዓይን ለዓይን ትተያይ እንደሆነ አይናገርም። ይልቅስ የዘር ጥናት ይሻላል፤ ለኦቲዝም ከሚያጋልጡት የዘር ልዩነቶች ብዙዎቹ እጅግ ጥቃቅን ሆነው በመላው ሕዝብ ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉና።

ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። የማይናገር፣ ልዩ ተሰጥኦ ያልታየበት፣ ዕድሜ ልኩን ድጋፍ የሚሻ ልጅ ያላት እናት ስለ ጥንታዊ መሣሪያ ሠሪ ቢነገራት ምን ይጠቅማታል? ከመላ ምቱ የሚጸናው ክፍል ስለ ተሰጥኦ የሚናገረው ሳይሆን፣ መረዳዳቱ እንደቀደመ የሚገልጸው ነው።

በአዲስ አበባ ይህ የታየው በወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሥራ ነው። የውበት ሙያ ባለቤት የነበሩት እኒህ ሴት፣ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ብዙ ቤተሰብ ሁኔታውን እንደ እርግማን ቈጥሮ ልጁን ከጎረቤት ይሸሽግ በነበረበት ጊዜ፣ በአደባባይ ስለ ልጃቸው ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከማረፋቸው በፊትም፣ ለመናገር ለሚቸገሩ ልጆች በአገራችን ፊደል ድምፆች ላይ የተመሠረተ፣ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጅተዋል።