ባለ ሁለት አፈሙዝ የወፍ ጠመንጃ፦ አሮጌውን መምረጥና ማደስ

ባለ ሁለት አፈሙዝ የወፍ ጠመንጃ ሁለት ልሙጥ በርሜሎች ጎን ለጎን ወይም አንዱ በሌላው ላይ ተያይዘው የተሠሩበት፣ በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን የርሳስ ፍሬ የሚረጭ የአደን መሣሪያ ነው። ቆቅ፣ ጅግራና ዳክዬ ለመሰሉ ወፎች የታሰበ በመሆኑ በርሜሉ ውስጥ የጦር ጠመንጃ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ የለውም። ከመካከሉ ታጥፎ ከኋላ የሚጎርሰውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ያስፋፋው ፈረንሳዊው ካዚሚር ለፎሾ ነው። በ1875 ደግሞ የበርሚንግሃሞቹ አንሰንና ዲሊ መምቻውን ከውጭ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው አብዛኛው ጠመንጃ የእነሱን ስልት ተከትሏል።

በአፍሪካ ቀንድ የአውሮፓ ጠመንጃ ታሪክ ያለ ጅቡቲ ጠረፍ አይነገርም። ፈረንሳይ በዚያ ጠረፍ የምትገኘውን ኦቦክን የገዛችው በ1862 ነው። ባለቅኔው አርተር ራምቦ በ1886 ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሣ፤ በማግስቱ ዓመት መጀመሪያ ሸዋ ሲደርስ ገዢው ንጉሥ ምኒልክ ነበሩ። ጅቡቲ ከተማ በ1888 ተቆረቆረች፤ የምድር ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባም ወደቧ ዋናው የኢትዮጵያ በር ሆነ። በዚያ መንገድ ካለፉት መሣሪያዎች ስሙ የገነነው ውጅግራ፣ ማለትም የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራስ ጠመንጃ ነው። የፈረንሳይ ሠራዊት ውጅግራን በአዲስ ሲተካ ብዙው ወደ ፈረንሳዩ ሴንት ኤትየንና ወደ ቤልጅጉ ሊዬዥ ጠመንጃ ሠሪዎች ተመልሶ ቦዩ ተፍቆ፣ ለወፍ የሚሆን ባለ አንድ አፈሙዝ ጠመንጃ ተደርጓል።

ከመነሻው ለወፍ ከተሠሩት የፈረንሳይ ጠመንጃዎች መካከል የማኑፍራንስ ሥራዎች ቀዳሚ ናቸው። ድርጅቱ በ1885 በሴንት ኤትየን ተመሠረተ፤ በ1913 ያወጣው «ሮቡስት» ጌጥ የሌለው፣ ጠንካራና ለመጠገን የማያስቸግር ነው። አሮጌ ጠመንጃ ለሚፈልግ ሰው ከተቀረጸበትና ካጌጠ እንግሊዛዊ ይልቅ ጤናማ ሮቡስት ይሻለዋል።

ምርጫው የሚጀምረው ከሰደፉ ውበት ሳይሆን ከበርሜሉ ነው። በርሜሎቹ ከሰደፉ ተፈትተው በጣት ተንጠልጥለው በእንጨት ቀስ ብለው ሲመቱ ጥርት ያለ ድምፅ መስጠት አለባቸው፤ የታፈነ ወይም የሚንጫጫ ድምፅ ከሰጡ ሁለቱን የሚያያይዘው ብየዳ ለቋል ማለት ነው። ወደ ብርሃን አዙሮ ውስጡን ማየት ጉድጓድና ጥርስ ያስገባ ዝገትን ያጋልጣል። እንደ ጅቡቲ ባለ ጨዋማ የባሕር አየር የቆየ መሣሪያ በተለይ እዚህ ላይ መፈተሽ አለበት። የበርሜሉ ግድግዳ በሳሳበት ቦታ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ጠመንጃው ለተኩስ አይታመንም። ጠመንጃው ተዘግቶ በበርሜሉና በመዝጊያው መካከል ብርሃን ካሳለፈም መገጣጠሚያው ተበልቷል።

ቀጥሎ የሚነበበው ማኅተም ነው። የሴንት ኤትየን፣ የሊዬዥና የበርሚንግሃም የፍተሻ ቤቶች እያንዳንዱን በርሜል በከባድ ጥይት ሞክረው ምልክት ያትሙበት ነበር። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ ጭስ አልባ ባሩድን የፈለሰፈው በ1884 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ወይም ለጥቁር ባሩድ ብቻ የተፈተሸ በርሜል ዘመናዊ ጥይት ሊጎርስ አይገባም። ብረትና አረብ ብረት ተጠማዞ የተሠራው ደማስቆ በርሜል ዓይን ይማርካል፤ የአዲስ ባሩድ ማኅተም ከሌለበት ግን ቦታው ግድግዳ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጥይት ማረፊያው ርዝመት ነው። የድሮ የአውሮፓ ጠመንጃዎች ማረፊያ ብዙ ጊዜ 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዛሬው የተለመደ ጥይት 70 ነው። ይህ ቁጥር የሚለካው ቀለሁ ከተተኮሰ በኋላ አፉ ተከፍቶ በመሆኑ፣ ያልተተኮሰው ጥይት በአጭሩ ማረፊያ ያለ ችግር ይገባል። አደጋውም ይኸው ነው፦ ሲተኮስ አፉ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣና ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል። ማረፊያውን ፍቆ ማርዘም ይቻላል፤ ግን ግድግዳው ስለሚሳሳ እንደገና በፍተሻ ቤት መሞከር አለበት። የተሻለው መፍትሔ ብረቱን ሳይነኩ 65 ሚሊ ሜትር ቀለል ያለ ጥይት መግዛት ነው።

ከማሻሻያዎች ሁሉ ጠቃሚው የሚከናወነው እንጨቱ ላይ ነው። ሰደፉ ለተኳሹ ክንድ ካጠረ ላስቲክ ይጨመርበታል፤ ለአማካይ ሰው ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ 36 ወይም 37 ሴንቲ ሜትር ይስማማል። አፈሙዙ ሌላ ጉዳይ ነው። ፍሬው እንዳይበተን አፈሙዙ ላይ የሚደረገው ጥበት፣ ቾክ የሚባለው፣ ሙሉ ሲሆን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በአሮጌዎቹ ግራው በርሜል ብዙ ጊዜ ሙሉ፣ ቀኙ ግማሽ ነው። ከእግር ሥር ብር ብላ ለምትነሣ ቆቅ ሙሉው ጠባብ ነው፦ ወይ ይስታል ወይ ሥጋውን ይበጣጥሳል። ሠሪ ቾኩን በጥንቃቄ ሊከፍተው ይችላል፤ የተፋቀ ብረት ግን አይመለስም። በርሜል ቆርጦ ማሳጠር ከሁሉ የከፋ ነው፤ ቾኩን ያጠፋል፣ የበርሜሎቹንም ማያያዣ ያላቅቃል።

ርሳስ ወፎችን ስለሚመርዝ አሜሪካ በ1991 ለውኃ ወፎች አደን ከለከለችው፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2023 ጀምሮ በረግረጋማ ቦታዎች አገደው። በምትኩ የመጣው የብረት ፍሬ ግን ለአሮጌ በርሜል ከባድ ነው፤ ለእርሱ የሚስማማው ለስላሳው ቢዝመዝ ነው።

በጅቡቲ እነዚህ ጠመንጃዎች በዱር ወፍ ላይ ሊተኮሱ አይገባም። አገሪቱ በ2004 ባወጣችው የብዝኀ ሕይወት ድንጋጌ የዱር እንስሳትን አደን ከልክላለች። ከጅቡቲ ከተማ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ በጎዳ ተራሮች የደይ ደንና በማብላ የምትኖረው የጅቡቲ ቆቅ በሳይንስ የታወቀችው በ1952 ነው። የጽድ ዛፎቹ እየደረቁና ደኑ በከብት እየተጋጠ በመሆኑ ዛሬ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉ ወፎች ተርታ ትገኛለች። በኢትዮጵያም መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል፤ ማደን ደግሞ የራሱ ፈቃድ አለው። አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ የወረሰ ሰው አስቀድሞ ወረቀቱን ያስተካክል፣ ቀጥሎ በርሜሉን ለባለሙያ ያሳይ፣ ከዚያ በኋላ በሸክላ ዒላማ ይለማመድበት።