በረኪና፦ ከወሊድ ክፍል እስከ ጀሪካናችን

ልብስ የምናነጣበት በረኪና የክሎሪን ቤተሰብ ነው። ታሪኩን ባጭሩ ላጫውታችሁ።

እናታቸው ወይዘሮ ዘነበወርቅ እዚሁ ሰላ ድንጋይ ይኖሩ የነበሩት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ያረፉት በ1847 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ቪየና ውስጥ ዶክተር ሰመልቫይስ ሐኪሞች አስከሬን ነክተው ወላዶችን ከማየታቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠቡ አዘዘ። በሚያዝያ ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በሰኔ ወደ 2 ወረደ።

ምሥጢሩ ኦክሲዴሽን ይባላል። ክሎሪን ከጀርሙ አካል ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ጀርሙም ይፈርሳል።

በክፉ ቀን ዘመን፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከረሃቡ ጋር ኮሌራ ሕዝባችንን ሲፈጅ ግን ውሃን በክሎሪን ማከም አልተለመደም ነበር። አሜሪካ ውስጥ እንኳ የጀርዚ ሲቲ ውሃ በቋሚነት ክሎሪን የገባበት በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ግን እንደ «ውሃ አጋር» ያሉ መድኃኒቶች በየቤታችን ይገባሉ።

ስለዚህ፦
✅ ለመጠጥ ውሃ፣ ለውሃ ማከሚያ የተዘጋጀውን ብቻ በመመሪያው መጠን ጨምሩ፤ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ድፍርስ ውሃ አስቀድማችሁ አጥልሉ።
❌ በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።
❌ በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ጀርምን የሚያፈርሰው ኃይል የልጅንም ጉሮሮ ያቆስላል። ልጅ ከጠጣ አታስመልሱት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።