ስለ ዋሻ ጥንዚዛዎች አመዳደብና ስያሜ፤ ከኢታንግ ሜዳ ሲታይ

በኢታንግ ዋሻ የለም። ባሮ በየክረምቱ ሞልቶ ደለሉን የሚያነጥፍበት ይህ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር እንኳ አይደርስም። ውሃ የኖራ ድንጋይ ቦርቡሮ ያበጃቸው ታላላቅ ዋሻዎች፣ በባሌ እንዳለው እንደ ሶፍ ዑመር ያሉት፣ ከዚህ እጅግ ይርቃሉ። ቢሆንም የዋሻ ጥንዚዛ ታሪክ ለኢታንግ የሚነግረው ነገር አለ።

እ.ኤ.አ. በ1831 በስሎቬኒያ፣ በፖስቶይና ዋሻ፣ ሉካ ቼች የተባለ መብራት አብሪ አንገቱ የቀጠነ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ዓይን የሌለው ጥንዚዛ አገኘ። ጥንዚዛው በሆሄንቫርት መስፍን እጅ አልፎ ፈርዲናንድ ሽሚት ዘንድ ደረሰ፤ ሽሚትም በ1832 ሌፕቶዲሩስ ሆኬንዋርቲ ብሎ ሰየመው። ስያሜው ለባለማዕረጉ ሆነ፤ በእጁ ያነሣው ሰው ግን በስያሜው ውስጥ የለም። ሆኖም ሽሚት በአገሬው ቋንቋ ደግሞ «ቀጭን አንገት» የሚል ስም ጨምሮለታልና በዚህ ሊመሰገን ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ያስቸገራቸው አመዳደቡ ነበር። ጨለማ ዓይንን ያጠፋል፤ ክንፍን ያሳጥራል፤ እግርንና መዳሰሻን ያስረዝማል። ይህም ዝምድና በሌላቸው ዘሮች ላይ ደጋግሞ የሚደርስ ስለ ሆነ፣ መልክን ብቻ አይቶ የሚመድብ ሁሉ ይሳሳታል። ፈረንሳዊው ሬኔ ዣኔል የወንዱን የመራቢያ አካል በአጉሊ መነጽር እየመረመረ መለየትን አስፋፋ። እርሱ በ1932 እና 1933 ከአራምቡርግና ከሻፒ ጋር ወደ ኦሞ የተጓዘ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ሂዩ ስኮት ከኢትዮጵያ ተራሮች የሰበሰባቸውን ትሬኩስ የሚባሉ ጥቃቅን ጥንዚዛዎችም መርምሯል። ከእነዚህ ብዙዎቹ መብረር አይችሉም፤ አንዳንዱም ከአንድ ተራራ በቀር በሌላ ስፍራ አይገኝም። ለእነርሱ ቆላው እንደ ባሕር፣ ተራራው እንደ ደሴት ነው፤ የተዘጋ ዋሻም ከዚህ የተለየ አይደለም።

በእኔ አስተያየት ለኢታንግ የዋሻው ምትክ ኩይሳ ነው። በአፍሪካ ምስጦች ቤት ከባለቤቶቹ ጋር በጨለማና በእርጥበት የሚኖሩ እንግዶች ጥንዚዛዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ሆዳቸው የተነፋ ስለ ሆነ የፖስቶይናውን ጥንዚዛ ያስታውሳሉ። መመሳሰሉ ግን ዝምድና አይደለም፤ የሌፕቶዲሩስ እብጠት ከላይ የሸፈነው ክንፍ ነው፤ የምስጥ እንግዳው ግን ራሱ ሆዱ ነው ያበጠው።

የኢታንግን ኩይሳ የሚመረምር ተማሪ አኙዋውና ኑዌሩ ለጥንዚዛው ያለውን ስም፣ ያሳየውንም ሰው፣ ከላቲኑ ስያሜ ጎን ይጻፍ። የስያሜው መሠረት የሚሆነውንም ናሙና አራት ኪሎ ባለው የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ያኑር፤ የስኮትን ጥንዚዛዎች ለማየት የሚሻ ግን ዛሬም ለንደን ድረስ መሄድ አለበት።