ለዘፈን የተከፈለው ገንዘብ የት ገባ?

ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በመርካቶም ሆነ በክፍለ ሀገር መናኸሪያዎች ዙሪያ አንድ ኮምፒዩተር ይዞ "ዘፈን እንጭናለን" የሚል ወረቀት የለጠፈ ወጣት አይጠፋም ነበር። ደንበኛው የስልኩን ሚሞሪ አውጥቶ ይሰጠዋል፣ የሚወዳቸውን ዘፋኞች ስም ይጠራለታል፣ ጥቂት ብር ከፍሎ መቶና ሁለት መቶ ዘፈን በኪሱ ይዞ ይሄዳል። "የእኛ ሰው ለሙዚቃ አይከፍልም" የሚሉ ሁሉ ይህን የረሱት ይመስላል። ይከፍል ነበር። የከፈለው ግን ለዘፋኙ አልነበረም፤ ለግጥምና ለዜማ ደራሲውም አልነበረም።

ነገሩ ወደዚህ እንዴት እንደደረሰ ለመረዳት ወደ ሸክላው ዘመን መለስ ማለት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስቀረጽና ከውጭ የማስመጣት መብትን ለሀገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶ ነበር። በ1969 ግን ሐራምቤ የተባለ የሙዚቃ ሱቅ የነበረው ወጣት አምሃ እሸቴ ክልከላውን ወደ ጎን ትቶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በ45 ዙር ሸክላ አወጣ። ማተሚያው አገር ውስጥ ስላልነበረ ቅጂው ወደ ውጭ ይላካል፤ ታትሞ ይመለሳል። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አሳትሟል። ዛሬ ዓለም የኢትዮጵያ ሙዚቃ "ወርቃማ ዘመን" እያለ የሚያወድሰው ድምፅ ለትውልድ የቆየው አንድ ነጋዴ ሕግ በመጣሱ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ሸክላ ውድ ነበር፤ ማጫወቻውም በየቤቱ የሚገኝ አልነበረም። ሆኖም አንድ ነገር ነበረው፤ ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሊገለብጠው አይችልም።

ካሴት ሁለቱንም ቀየረ። አምሃ እሸቴ በ1975 ወደ አሜሪካ ሲሄድ ሸክላው በካሴት እየተተካ ነበር። ካሴት ሙዚቃን ከከተማ ሳሎን አውጥቶ ለአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ለጠጅ ቤቱ፣ ለገጠሩ አደረሰ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ባለ ሁለት ቴፕ ማጫወቻ ያለው ሁሉ አሳታሚ መሆን ቻለ። ዘፋኙም አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ ስለሚወጣ ካሴቱ ቢሸጥም ባይሸጥም ለእሱ የሚጨምርለት አልነበረም። ሕጉም አላገዘውም። የ1960ው (እ.ኤ.አ.) የፍትሐ ብሔር ሕግ ለደራሲ መብት ቢሰጥም ዘፋኙን በዘፋኝነቱ አያውቀውም ነበር። ከዋኝና የድምፅ ቅጂ አሳታሚ በሕግ መብት ያገኙት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው።

አዋጁ ሲወጣ ግን ዓለም ወደ ሌላ ምዕራፍ ገብቶ ነበር። በ1999 የመጣው ናፕስተር ወጣቱን ዘፈን በነፃ መቀባበል አስተምሮ በ2001 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ። አፕል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2003 አይቲዩንስ የተባለውን የሙዚቃ መደብር ከፈተ፤ 200 ሺህ ዘፈን፣ አንዱ በ99 ሳንቲም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሚሊዮን ዘፈን ተሸጠ። ታወር ሪከርድስን የመሰለ ስመ ጥር የሙዚቃ መደብር በ2006 ከስሮ ተዘጋ። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር፣ የአሜሪካ አድማጭ በድንገት ጨዋ ሆኖ አይደለም መክፈል የጀመረው። መክፈል ከመስረቅ የቀለለ ስለሆነለት ነው። ካርዱ አለ፣ ኢንተርኔቱ አለ፣ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው።

በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የሚኖረው ኢትዮጵያዊ የዚህ ተጠቃሚ ሆነ። ከሐበሻ ሱቅ ሲዲ ሲገዛ የኖረው ሰው አልበም በስልኩ መግዛት ጀመረ። የቴዲ አፍሮ "ኢትዮጵያ" በ2017 በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ ብዙዎች ተገርመው ነበር። ሰንጠረዡ የሚቆጥረው በአሜሪካ የተሸጠውን ነው፤ መርካቶ ላይ የተሸጠች አንዲት ሲዲ እንኳ በዚያ ውስጥ አትገባም። ያ ቁጥር የስደተኛው ማኅበረሰብ የመግዛት አቅም ነበር።

አገር ቤት ያለው አድማጭስ? ውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ አልነበረውም። የኢንተርኔቱ ዋጋና ፍጥነት የታወቀ ነው። በሕጋዊ መንገድ ዘፈን ለማውረድ ቢፈልግ እንኳ የሚከፍልበት መስኮት አልነበረም። ያንን መስኮት የከፈተለት ሚሞሪ የሚሞላው ልጅ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ከካሴትና ከሲዲ በቀጥታ የተኬደው ወደ ቅጂ ነው፤ በመሃል የነበረው የመግዛት ዘመን ተዘልሏል።

ያንን ክፍተት ለመሙላት የተነሱት ነጋዴዎች ሳይሆኑ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ናቸው። አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ከኃይሌ ሩትስ፣ ከጆኒ ራጋና ከዳዊት ንጉሡ ጋር በ2019 አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ይዞ መጣ። ብልሃቱ ከክፍያው ላይ ነበር፤ ባንክ ሳያስፈልግ ከስልክ ሂሳብ ላይ በጥቂት ብር ዘፈን መግዛት። ኤልያስ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር (እ.ኤ.አ.) አረፈ። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ደግሞ በ2021 ነው። ሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ ዘግይቶ የመጣ ይመስላል፤ ክፍያው ሲቀል አድማጩ ዩቲዩብ ላይ በነፃ ማዳመጥ ለምዶ፣ አዲስ አልበም በወጣ ሰዓት ውስጥ በየቴሌግራም ቻናሉ ሲለቀቅ ማየት የተለመደ ሆኖ ነበር። ቴሌግራም ላይ ይህን የሚያነብ ሰው ስልኩን ቢፈትሽ ሳያገኝ አይቀርም።

በእነዚያ ቅጂዎች ላይ ከዘፈኑ ስም ቀጥሎ የሚነበበው ብዙ ጊዜ የለቀቀው ቻናል ስም ነው። የድሮው የካሴት ሽፋን የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ባለቤት ስም በጠባብ ወረቀት ላይ አጨናንቆም ቢሆን ይጽፍ ነበር። በአንድ የሰማንያዎቹ ዘፈን ላይ ቤዝ ጊታር የተጫወተው ማን እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ ሰው ዛሬም ያንኑ ወረቀት ፈልጎ ነው የሚያገላብጠው።