ቀለም በጥባጮችና የመኪና መልክ

በጥንት ጊዜ በአገራችን ቀለም በጥባጭ ሲባል ቁም ጸሐፊው ነበር። ጥላሸት ከድስት ቂጥ ፍቆ፣ የተቆላ እህል ወቅጦ፣ ሙጫ ጨምሮ፣ በውሃ በጥብጦ ያቆየዋል፤ ከዚያ በቀንድ አድርጎ ብራና ይጽፍበታል። ጥቁሩ ለንባቡ ነው፣ ቀዩ ለአርእስትና ለቅዱሳን ስም። ሥዓሊውም የራሱን ቀለም ይበጠብጣል። ከወረታ ጎንደር ድረስ ሄዶ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ሰው፣ ያ ሁሉ የመላእክት ፊት እንዴት ባለ ትዕግሥት እንደተቀባ ይገባዋል። ታዲያ ውሃ ገብቶበት ከግድግዳው ሥዕል አንዱ ወገን የታደሰ እንደሆነ አዲሱ ከአሮጌው ጋራ አልገጥም ይላል። የዛሬው መኪና ቀቢም ቀን ከሌት የሚታገለው ከዚሁ ጋራ ነው። «ምነው ስለ ሩዝ ቢጽፍልን» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ስለ ሩዝ የሚጽፍ ሞልቷል።

መኪና አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ነድቶ አመጣው። በዚያ ዘመን መኪና የሚቀባው እንደ ሠረገላ በብሩሽ ነበር፤ አንዱ ንብር እስኪደርቅ ሌላው እየጠበቀ ሥራው ሳምንታት ይፈጃል። አሜሪካዊው ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪናውን ከ1914 እስከ 1925 በፈረንጆች አቆጣጠር ጥቁር ብቻ አድርጎ የሠራት አለነገር አይደለም። ጥቁሩ ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሥራው ይፈጥናል። በኋላ ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ዱኮ የሚባለውን በመርጫ የሚረጭና በሰዓታት የሚደርቅ ቀለም አወጣና ኦክላንድ የተባለችው የ1924 መኪና ሰማያዊ ሆና ብቅ አለች። ከዚያ ወዲያ የቀለም ዓይነት በዛ። ቀለም ሲበዛ የተጋጨ መኪና ጠግኖ መልኩን መመለስ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ ማለት ነው።

ወደ እኛ አገር ሙያውን ከነስሙ ያመጡት ጣሊያኖች ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ጊዜ ትሬንታ ኳትሮ የተባለውን የጭነት መኪና ይዘው መጡ፤ ሲወጡ ኮፋኖውን፣ ፓራፋንጎውን፣ ስቱኮውን፣ ባትላሜራውን በአፋችን ላይ ትተውልን ሄዱ። ዛሬ ጣሊያንኛ አንዲት ቃል የማያውቅ የወረታ ልጅ «ስቱኮ አልብሰው» ይላል።

ወረታ መስቀለኛ ናት። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚያልፈው እዚህ ያልፋል፤ ቻይኖች በሠሩት መንገድ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚሄደውም ከዚሁ ይገነጠላል። ያ መንገድ አስፋልት ሳይለብስ ጠጠሩ የመኪናውን ሆድና በር እንደ ፈንጣጣ ይበሳሳው ነበር። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ርብና ጉማራ ይሞላሉ። በ1998 ዓ.ም. የፎገራን ሜዳ ጎርፍ እንዳጥለቀለቀው ሁላችን እናስታውሳለን። የዋልካ ጭቃ በፓራፋንጎ ውስጥ ተጣብቆ ሲከርም ብረቱ ይዝጋል፤ የዛገ ብረት ተቆርጦ ይበየዳል፤ የተበየደ ይቀባል። ስለዚህ ቀቢ እዚህ ሥራ አያጣም።

አሁን ወደ ብጥበጣው ልምጣ። ሰው ሁሉ «ነጭ ምን ችግር አለው» ይላል። ኧረ ነጭ ነው የሚያስቸግር! ቶዮታ 040 ብሎ የሚጠራው ነጭ አለ፤ ቁጥሩ በመኪናው ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ቆርቆሮ ተጽፎ ይገኛል። ቀቢው ቁጥሩን አይቶ በግራም መዝኖ ቢበጠብጥ የሚያገኘው መኪናው ከፋብሪካ በወጣ ዕለት የነበረውን ነጭ ነው። መኪናው ግን አሥርና ሃያ ዓመት ፀሐይ መቶታል፤ ቢጫ ብሏል ወይም ደብዝዟል። ስለዚህ ከአዲሱ ነጭ ላይ ጥቁር በጠብታ፣ ቢጫ በጠብታ እየጨመረ ወደ እርጅናው ያወርደዋል። የጠብታው ነገር ቀልድ አይደለም፤ አንዲት ጥቁር ጠብታ ስትበዛ ጣሳው ሁሉ ግራጫ ይሆናል።

ቀለም እርጥብ ሳለና ሲደርቅ መልኩ አንድ አይደለም። የሚያውቅ ቀቢ በካርቶን ወይም በቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ረጭቶ ካደረቀ በኋላ ነው ከመኪናው ጋር የሚያስተያየው፤ ያውም መኪናውን አጥቦና አሹፎ አቧራውን ካስለቀቀ በኋላ። ፊት ለፊት ያየዋል፣ ጎን ሆኖም ያየዋል። ብልጭልጭ ያለው ሜታሊክ የሚባለው ከሁሉ የባሰ ነው። በውስጡ ደቃቅ የብረት ቅንጥብጣቢ አለና ቀቢው አብዝቶ ካረጠበው ቅንጥብጣቢው ይሰጥምና ይጠቁራል፤ ከሩቅ ሆኖ በደረቁ ከረጨው ይነጣል። አንድ ጣሳ፣ አንድ ሰው፣ ሁለት መልክ! ለዚህ ነው ጎበዝ የሆነው ቀቢ የተበየደውን በር ብቻ ቀብቶ የማይተወው፤ ወደ ጎረቤቱ ቆርቆሮ እያሳሳ ይወስድና ዐይን ወሰኑን እንዳያገኘው ያስታርቀዋል።

ሌላም አለ። ሁለት ቀለሞች በፀሐይ አንድ መስለው በአምፑል ብርሃን ሊለያዩ ይችላሉ፤ የተሠሩበት ዱቄት ስለሚለያይ ነው። እኔ በጸሐፊነቴ ዘመን ይህን በወረቀት በኩል ነው የማውቀው። በሊብሬው ላይ የመኪናው ቀለም ይጻፋል። አንድ የከተማችን ሾፌር መኪናው በሊብሬው «ግራጫ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ በሩን አስቀብቶ ሲሄድ በማታ ኬላ ላይ «ይህ ሰማያዊ ነው፣ ቀለም ቀይረሃል» ተብሎ አደረ። ሲነጋ የዚያው ኬላ ሰዎች ወጥተው አዩት፤ ግራጫ! ሰውየው ያጣው ግን የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ብቻ አይደለም፤ የጫነው ቲማቲም ነበር።

በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የቅጹ ነው። ቅጹ የሚያውቀው ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ ነው። የፎገራ እረኛ ግን ላሙን ከሩቅ የሚለየው በመልኳ ነው፤ ቡሬ ይላል፣ ዳልቻ ይላል፣ ቡላ ይላል፣ ነብርማ ይላል። ዶሮዋን ገብስማ ይላታል፣ ፈረሱን ዳማ ይለዋል። የአገራችን የፎገራ ከብት ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሳለ አንዱ ከአንዱ በስም ይለያል። ይህን ያህል ቃል ያለው ሕዝብ ቢሮ ሲገባ በስድስት ቃል ይቀራል። ገጠር ያደጉ ቀቢዎች ግን እርስ በርሳቸው «ትንሽ ወደ ዳልቻ ውሰደው» ሲባባሉ ሰምቻለሁ፤ በዚያች ቃል ይግባባሉም።

አሁን እድራችንን ስለሚመለከተው ልናገር። ባለፉት ዓመታት ከቀበርናቸው መካከል ሁለቱ ቀቢዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ሲስሉ የኖሩ። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ1989 በፈረንጆች የቀቢነትን ሥራ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ አስገብቶታል። በሃርድነር የሚደርቀው ቀለም አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለበት፤ በትንፋሽ የገባበት ሰው አስም ሊይዘው ይችላል፤ አንዴ ከያዘው ደግሞ ለጥቂቷም ይነሣበታል። ደማቁ ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ሲፋቅ አቧራው ወደ ሳንባ፣ በልብስ ላይ ሆኖ ደግሞ ወደ ቤት ልጆች ይሄዳል። መንግሥት በ2018 በፈረንጆች ደንብ አውጥቶ በቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ ወስኗል፤ በአሮጌው መኪና ላይ ያለውን ግን ደንቡ አይፍቀውም።

ልጆቻችን ሻሽ አፋቸው ላይ አስረው ይረጫሉ፤ ሲጨርሱ «ደረት ያጥባል» ብለው ወተት ይጠጣሉ። ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው። ሻሽም አቧራ እንጂ ጭሱን አይዝም፤ የሚይዘው የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ነው፤ ለሃርድነሩ ደግሞ ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያስገባው ይሻላል። የጭምብሉ ዋጋ ከድንኳን ኪራያችን አይበልጥም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ቀቢ ለሆኑ አባሎቻችን ከመጠባበቂያው ጭምብል ይገዛ የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ፤ የምትደግፉኝ ስማችሁን ለገንዘብ ያዡ አስመዝግቡ።

ዛሬ ቀለሙን በብርሃን አንብቦ ልኩን የሚናገር መሣሪያ መጥቷል። መሣሪያው ልኩን ይናገራል እንጂ አይረጭም፤ የመጨረሻዋን ጠብታ የሚያዘው አሁንም ዐይን ነው። በነገራችን ላይ የእድራችን አግዳሚ ወንበሮች ለምን ሁለት ዓይነት ሰማያዊ እንደሆኑ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ከባጃጅ የተረፈ ቀለም ነው፤ ስድስቱ ከተቀቡ በኋላ ጣሳው አለቀና ሌላ ተበጠበጠ።